ለአባቴ አሳጥሬ የተረጎምኩት

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ እኔ በምወርድበት ቦታ ሌላ የሚወርድ ሰው ከሌለ ዝም ብዬ አልፌ እሄዳለሁ። ሌላው ሲወርድ አብሬው ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ዝናብ ቢዘንብም እመለሳለሁ። ተመርቄ በሚዛን ተፈሪ ግብርና ቢሮ ከተቀጠርኩ በኋላም ያው ነበርኩ። የቡና ችግኝ ሪፖርት አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ስብሰባ ላይ የሚያነብልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን የምነግራችሁ ለማሳቅ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው።

አባቴ የኔ ተቃራኒ ነው። በእኛ አካባቢ ባለ አንድ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ባለጉዳይ በቤንችኛ የሚናገረውን ለዳኛው በአማርኛ፣ የዳኛውን አማርኛ ደግሞ ለባለጉዳዩ በቤንችኛ ያቀርባል። ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጸልይ ማይክ አይፈልግም። በሥራው አንድ ደንብ ነበረው። «አስተርጓሚ አይጨምርም፤ አይቀንስም» ይላል።

አንድ ጊዜ በቡና መሬት ጉዳይ የቀረቡ ሽማግሌ ተበሳጭተው ወጣቱን ዳኛ በቤንችኛ ሰደቡት። ቋንቋውን የሚያውቁ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ባለጉዳዩ የሚሉት፣ የእናቱ ወተት ከከንፈሩ ያልደረቀ ልጅ ስለ ቡና ምን ያውቃል ነው» አለ። ዳኛው ግን፣ «ስለ ቡና እንደማላውቅ እውነታቸውን ነው። ያስረዱኝ ይበሏቸው» አለ። ይህን ታሪክ በከተማችን የማያውቅ የለም።

ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብል አፈላንለት፤ ማር ላሰ። ወራት አለፉ። ችሎት ላይ «አቶ ማርቆስ፣ ጮክ ይበሉ» የሚባል ሆነ፤ እሱ፣ አቶ ማርቆስ። በመጨረሻ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ተልኮ አዲስ አበባ ገባ። እኔም ፈቃድ ወስጄ አስታማሚው ሆንኩ። ያረፍነው የእናቴ ወንድም ጋሼ ተፈራ ቤት ነው። ጋሼ ተፈራ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሰው ይወዳል፤ ሲጨነቅ ጢሙን ይጎትታል።

ከጉሮሮው የተወሰደው ናሙና ውጤት የወጣ ዕለት ወጣቱ ዶክተር እንደተለመደው «የታካሚው ቤተሰብ ማነው?» ብሎ እኔንና ጋሼን ወደ ኮሪደር ጠራን። የድምፅ አውታር ካንሰር ነበር። ዶክተሩ እንደሄደ ጋሼ ክንዴን ያዘኝ።

«አስቱ፣ ይቺ ቃል ከዚህ ኮሪደር አትወጣም። እናትሽን ታስታውሻለሽ አይደል?»

አስታውሳለሁ። እናቴ በጡት ካንሰር ነው ያረፈችው። አንዲት ነርስ ሳታስበው ስሙን ስትነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላም አለች። ጋሼ እህቱን የገደላት በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው ብሎ ያምናል። «መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው» አለኝ። ለአባቴ «ቁስል ነው» አልነው። የቀዶ ሕክምናውን ፎርምም ጋሼ ፈረመ።

ዕድላችን ሆኖ በዚያ ወር ለጥቂት ሳምንታት የመጡ የውጭ ሐኪሞች ነበሩ። መሪያቸው አጭር፣ ፀጉሯ የነጣ ሴት ናት። አንገቱን ሳትቀድ፣ በአፉ በኩል ገብታ እባጩን በሌዘር አወጣችው። ከዚያ «ለአሥራ አራት ቀን ቃል እንዳይወጣው፤ ሹክሹክታም ቢሆን» ተባለ። አባቴ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ በኮቱ ኪስ ያዘ። በደብተሩ የጻፈው የመጀመሪያ ነገር፣ «አሁን አንቺን ሆንኩ» የሚል ነበር።

በስምንተኛው ቀን ለውጤት ተመለስን። ወጣቱ ዶክተር ቀዶ ሕክምና ክፍል ስለነበር የሚያስተረጉም ጠፋ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ፣ «ከእናንተ ቋንቋዬን የሚችል አለ?» አለች። ጋሼ በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲረዳ ጢሙን መጎተት ጀመረ።

ሐኪሟ እኔን አይደለም ያየችው። ወንበሯን ወደ አባቴ ስባ ዓይን ዓይኑን እያየች ተናገረች። የሚታየው እባጭ በሌዘር በሙሉ ወጥቷል። ነገር ግን በወጣው ሥጋ ጫፍ ላይ የካንሰር ሕዋሳት ስለተገኙ ጥቂቱ ውስጥ ሳይቀር አልቀረም። እንደገና በሌዘር ብትገባ ድምፅ የሚወጣበትን ክፍል ትጨርሰዋለች። ስለዚህ የቀረውን በጨረር ማጥቃት ይሻላል፤ ስድስት ሳምንት፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ። ሌዘሩና ጨረሩ ከተደጋገፉ ጥሩ ተስፋ አለው። ጨረሩ ከቀረ ግን ካንሰሩ ይመለሳል ብላ ትፈራለች፤ ያኔ ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት ሊኖርበት ነው፤ የሚተነፍሰውም አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይሆናል።

ቆም ብላ «ንገሪው» አለችኝ።

አባቴ በጉጉት ዞረ። ለሃያ ዓመት እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ልጁ ቆማለች፤ ደስ ብሎታል። ከጀርባው ጋሼ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል።

«ቁስሉን በሌዘር አውጥተውታል» አልኩ። «ሥራው ጥሩ ነው። ደግመው ሊያዩህ ይፈልጋሉ።»

አባቴ ሐኪሟን አየ፤ እኔን አየ። ደብተሩን አውጥቶ፣ «እሷ ብዙ ተናገረች። አንቺ አሳጠርሽ» ብሎ ጻፈ።

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ አባዬ» አልኩት።

ሐኪሟ ጥያቄ እንዳለው ጠየቀች። «የለውም» አልኳት። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ተነሳች። ሁሉንም እንደነገርኩት ነው የምታምነው፤ ለምንስ አታምን?

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ዶክተር አንድ የቀጠሮ ካርድ ሰጠኝ። ለጨረር ሕክምናው ዝግጅት ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት መቅረብ ነበረብን። «ይህን ቦታ በስንት ልመና ነው ያገኘነው። ካመለጣችሁ ወረፋው ወራት ነው፤ እሱ ደግሞ ወራት መጠበቅ የለበትም» አለኝ። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር አደረግኩት። የጋሼ ዕቅድ ዓርብ ጠዋት «ፎቶ ትነሳለህ» ብሎ መውሰድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማስለመድ ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አባቴ ከእግር ጉዞ ሲመለስ ከኪሱ የአውቶቡስ ትኬት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለት ነበሩ፤ ለዓርብ ማለዳ፣ ወደ ሚዛን።

ጋሼ ጢሙን ጎተተ። «ምን ልትሆን?»

አባቴ ጻፈ፤ «ሰኞ የማርታ ቀጠሮ አለ።»

እማማ ማርታ ከገጠሩ፣ ከሸዋ ቤንች በኩል የምትመጣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድሞች የቡና መሬቷን ሊወስዱባት ከሰዋት ነበር። አማርኛ አትችልም፤ ከአባቴ ሌላ አስተርጓሚ አታምንም። አባቴ በጣቱ ቆጥሮ አሳየን፤ የዝምታው አሥራ አራት ቀን እሑድ ያልቃል፤ ሰኞ ችሎት ይቆማል።

«ክትትል አለብህ እኮ፤ ፎቶ ትነሳለህ» አለ ጋሼ።

«ፎቶ ሚዛንም አለ። ቁስሉ ወጥቷል ተብያለሁ» ብሎ ጻፈ።

ምን ይባላል? ያልነው እኛ ነን። ጋሼ ግቢ ጠርቶ አወጣኝ። «ይሂድ፤ የሴትዮዋ ጉዳይ ሲያልቅ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ወረፋው ያመልጠዋል።»

«እና ልግደለው? በአፌ?» ሽማግሌ ሰው ፊት ለፊቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። ከፊታችን የተቀመጠው የቴፒ ቅመም ነጋዴ አባቴን ያውቀዋል። ዘወር ብሎ ደብተሩን ሲያይ ሳቀ። «አቶ ማርቆስ፣ ለካ ዝም ማለትም ትችላለህ? እንግዲህ ችሎቱ በማን አፍ ሊናገር ነው?» አባቴ ያለ ድምፅ ሳቀና፣ «ሰኞ ለማርታ ጉዳይ እቆማለሁ» ብሎ ጽፎ አሳየው፤ እስከዚያው ግን ወደ እኔ ጠቆመ። ነጋዴው የባሰ ሳቀ። «በሷ? እሷ ሰላምታም ቆጥባ ነው የምትሰጠው።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጦር ኃይሎች ላይ «አባዬ» አልኩ፤ ዞር ሲል «መስኮቱ ይበርድሃል?» ብዬ ጨረስኩት። አየር ጤና ላይ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። እያንዳንዱ ሰፈር ባለፈ ቁጥር ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ የሚከብድ መሰለኝ። ዓለም ገና ስንደርስ አባቴ ጉልበቴን ነካ አድርጎ ደብተሩን አሳየኝ። «ቦርሳሽን ጨምቀሽ ይዘሻል። ምን ሆነሽ ነው?»

እስክሪብቶውን ለመንኩት። መጻፍ አያቅተኝም፤ መጻፍ ሥራዬ ነው። እሱ ግን መዳፉን ገጹ ላይ አድርጎ ከለከለኝ። መጀመሪያ ወደ ጉሮሮው፣ ቀጥሎ ወደ አፌ ጠቆመ። ደብተሩ የእሱ ነው፤ የኔ አፍ ደኅና ነው።

«አባዬ፣ የሐኪሟን ቃል ቀንሼብሃለሁ» አልኩ።

ደብተሩን ከደነ።

«ቁስል አይደለም። ካንሰር ነው። የሚታየው በሌዘር ወጥቷል፤ ጥቂት ቀርቷል። የቀረውን በጨረር ካልመቱት ይመለሳል። ቀጠሮው ዛሬ ነው።» ካርዱን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

አባቴ ካርዱን አየ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረችው እናቴ ታየኝና፣ ጋሼ እውነቱን ነበር፣ ገደልኩት አልኩ በልቤ። ሰበታ መግቢያ ላይ ደብተሩን ከፈተ።

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው ብለሽኝ ነበር።»

ቀጥሎ፣ «ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት።»

ሰዓቱን አየና አፉን ከፈተ፤ ረዳቱን ሊጠራ ነበር። ሳላስበው በእጄ አፉን ያዝኩት። እሑድ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። እጄን ከአፉ ላይ በቀስታ አንስቶ ጻፈ፤ «እንግዲያ አንቺ ተናገሪ።»

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ቴፑ ይጮሃል። ነጋዴው ብቻ ዞር አለ።

ተነስቼ ቆምኩ። «ወራጅ አለ!»

ረዳቱ ከበሩ ዘወር ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ይሄ የሚዛን መኪና ነው። ሰበታ የሚወርድ አልጫንም።» ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ ከዚያ ቀን በፊት ቢሆን ቀሪ ዕድሜዬን በሙሉ ያስቀምጠኝ ነበር።

«አባቴ ካንሰር አለበት» አልኩ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «ሦስት ሰዓት ላይ ሕክምና አለው። አውርዱን።»

ሾፌሩ ቴፑን ዘጋ። አውቶቡሱ ዳር ይዞ ቆመ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣችንን አወረደ፤ መንገዱን ተሻግሮም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሚኒባስ በእጁ አስቆመልን። ነጋዴው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አቶ ማርቆስ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ለማርታም ሰው እልካለሁ» አለ። አባቴ ባርኔጣውን አነሳለት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ይቀር ነበር። ካርዱን በመስኮት አስገብተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቴ አዲስ ገጽ ገለጠ።

«አሁን ከመጀመሪያው። አትጨምሪ። አትቀንሺ።»

ከዚያ በጣቱ ተነሺ አለኝ። እሱ ችሎት ላይ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚተረጉመው። ሰው በሞላበት ኮሪደር ውስጥ አባቴ ፊት ቆሜ፣ ሐኪሟ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። የጫፉን ሕዋሳት፣ ጥሩ ተስፋ ያለችውን፣ ስድስቱን ሳምንት። ጨረሩ ቆዳውን እንደሚያቃጥል፣ ምራቅ እንደሚያደርቅ፣ መዋጥ እንደሚያስቸግር በኋላ ከወጣቱ ዶክተር የሰማሁትን፣ «ይህን ያለው ሌላ ሰው ነው» ብዬ ለይቼ ነገርኩት። አንገት ላይ የሚከፈተውንም ቀዳዳ አልዘለልኩትም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ። «እናትሽን የወሰዳት ነው?»

«ስሙ አንድ ነው። ቦታው ሌላ ነው፤ ያንተ ቶሎ ተገኝቷል ብለዋል።»

ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። ስሙ እስኪጠራ ድረስ አላነሳውም። ሲጠራ ግን ከኔ ቀድሞ ቆመ።

ለሰኞው ችሎት ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ስልክ ደውዬ ተለዋጭ ቀጠሮ የለመንኩት እኔ ነኝ። ቃላቱን ሦስት ጊዜ ተለማምጄ ደወልኩ። ነጋዴውም ቃሉን ጠብቆ ለእማማ ማርታ ሰው ልኮ ኖሯል፤ ችሎት ቀርባ «አስተርጓሚዬን እጠብቃለሁ» አለች። ዳኛው ጉዳዩን ለሌላ ቀጠሮ አሳደሩላት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀና ብሎ ሄደ አልላችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አባቴ በደብተርም አልተናገረም፤ እሑድ አልፎ መናገር ሲፈቀድለትም ዝም አለ። ጋሼ ተፈራ የፈራው ደረሰ ብዬ ሌት ተቀን ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ደብተሩ ላይ «ሾርባ» ብሎ ጻፈ። በዚያች ቃል ጋሼ ጮቤ ረገጠ። ሕክምናው ሲጀመር ፊቱና አንገቱ ላይ በልኩ የተሠራ ጭንብል አጥልቀው ከጠረጴዛው ጋር ያስሩታል፤ ብቻውን ይተውታል፤ ይመለሳሉ። በአራተኛው ሳምንት አንገቱ ጠቁሮ ተላጠ፤ ውኃ መዋጥ ሲያመው እንባው ይወርዳል። አንድ ጠዋት «አልሄድም» አለ። ጋሼ ነው አባብሎ የወሰደው። እኔን ስሙን አትንገሪው ሲል የነበረው ሰው፣ «ይሄን ካንሰር የሚባል ርኩስ ሁለት ሳምንት አስቀርተህለት ልትሄድ ነው?» ብሎ ሲቆጣ ሰማሁት። አባቴም አንድ ቀን በአዲሱ የተሻከረ ድምፁ፣ «ተፈራ፣ ልብህ ደግ ነበር። ግን አትድገም» አለው። ሌላ ወቀሳ አልሰማሁም።

እኔን ደግሞ ወደ ሚዛን ስንመለስ፣ ቦንጋን አልፈን፣ «ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «እሷ ያን ያህል ተናግራ አንቺ በሦስት ዓረፍተ ነገር ስትጨርሺ። ግን የልጄን ትርጉም መጠራጠር ከበደኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ቤት ኮሪደር ላይ የቀረ ቃል ሊኖር ይችላል። በጋሼ አልፈርድም፤ እኔም ከፍቅር ነው የቀነስኩት። ነገር ግን ሐኪሟ ያን ሁሉ የነገረችው ለእሱ ነበር፤ አካሉም፣ ጉሮሮውም፣ የሚወስነውም ነገር የእሱ ነበር። እኛ ቃሉን ስንይዝበት ውሳኔውንም ይዘንበት ነበር፤ እሱም በያዝንበት ቃል ምክንያት ትኬት ቆረጠ። ሌዘሩ የሚታየውን አወጣ፤ ጨረሩ የማይታየውን ተከታተለ። በሁለቱ መካከል ግን በሰው አፍ መባል ያለበት ነገር ነበር። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። ሪፖርቴን ግን ራሴ አነባለሁ፤ ታክሲም በምወርድበት ቦታ እወርዳለሁ።

አባቴ አሁንም ክትትል ላይ ነው። እስካሁን ንጹሕ ነው ብለውናል። ድምፁ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ችሎት ላይ ሲተረጉም ዳኛው ሰዉን ጸጥ ያሰኛሉ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያዳምጠዋል። የእማማ ማርታን ጉዳይ እሱው ተርጉሞ መሬቷ በእጇ ቀረ።

ከፍርዱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሙዝ በጀርባዋ ተሸክማ ቤታችን መጣች። ተቀምጣ ድምፁን ስትሰማ ቆየችና በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገረች። እኔ ከተማ ያደግኩ ስለሆንኩ ቤንችኛዬ ጎደሎ ነው፤ አልያዝኩትም። እሷ እየሳቀች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን አልሳቀም። ከመቀመጫው ተነስቶ እንደ ችሎት ቀጥ ብሎ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ማርታ የምትለው» አለ፤ «ድምፅህ ዝንጀሮ ገብቶበት የወጣ የበቆሎ ማሳ ይመስላል፤ ቢሆንም ፍሬ አልጠፋበትም ነው።»